ስለ መጽሔቶች ለመጠየቅ ስለሚከፈል ዋጋ፤ ከአቃቂ በሰቃ የቀረበ ትችት

የጽሑፉ ምክንያት

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሦስት ተማሪዎች ነን። ሁለታችን ተወልደን ያደግነው በአቃቂ በሰቃ ነው። ሦስተኛው ጓደኛችን ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም፣ በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከእኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ተማረ ዛሬ እንደ ሰፈራችን ልጅ ይቈጠራል። ባለፈው ዓመት ለትምህርታችን ማሟያ እንዲሆን፣ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ስለሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አንድ አጭር ጥናት ለመጻፍ ተነሣን። አንባቢ እንደሚያውቀው ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ከተማ ጕድፍ ተሸክመው ወደ ደቡብ ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይጓዛሉ። በዚሁ ውሃ የሚተዳደረው ገበሬ ብዙ ነው፤ በዚሁ ውሃ የበቀለውን አትክልት የሚመገበው የከተማ ሰው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ጥናቱን በጀመርንበት ሳምንት በወንዙ ዳር ጎመን የሚቀነጥሱ አንዲት እናት ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። የውሃውን ነገር ለመመርመር መምጣታችንን ብንነግራቸው፣ «ልጆቼ፣ እንግዲያው ንገሩኝ፤ ይበላል ወይስ አይበላም? እኔም እኮ ለቤቴ የማበስለው ይህንኑ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከእኛ በፊት የመረመረ ሰው መኖሩን አይተን እንደምንመለስ ቃል ሰጥተናቸው ሄድን።

መምህራችን ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨመሩልን። የማንኛውንም መጽሔት ቃል ከመጥቀሳችን በፊት መጽሔቱ እውነተኛ መሆኑን እንድናጣራ አዘዙን። ዛሬ በዓለም ላይ ገንዘብ እስከ ተከፈላቸው ድረስ ሳይመረምሩ የሚያትሙ፣ አንዳንዶቹም የታወቀ መጽሔት ስምና ቍጥር ሰርቀው የሚነግዱ አሳታሚዎች በዝተዋልና። ስለ ወንዝ ውሃ፣ ስለ አፈርና ስለ አትክልት ይጽፋሉ የተባሉ 40 የመጽሔት ስሞች ሰብስበን ነበር። ከአርባው አብዛኞቹን ሰምተናቸው አናውቅም። ስለዚህ የሚያጣራልን መሣሪያ ፈለግን፤ አገኘንም። የዛሬው ትችታችን ስለዚህ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ያገኘነው አንድ የውጭ አገር ድርጅት በኢንተርኔት የሚያቀርበውን የመጽሔቶች ማውጫ ነው። ማውጫው ጽሑፎችን አያስነብብም፤ የሚሸጠው ስለ መጽሔቶቹ ያለውን መረጃ ብቻ ነው። ይኸውም አሳታሚው ማን እንደ ሆነ፣ አዘጋጆቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ የሚቀርበው ጽሑፍ በሙያው ሊቃውንት ይመረመር እንደ ሆነ፣ ለማሳተም ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ በየትኞቹ ታላላቅ መዝገቦች እንደ ገባና በደረጃ ስንተኛ እንደ ሆነ ይናገራል። ዋጋውም በዓመት ሳይሆን በየጥያቄው ነው። ጠያቂው አስቀድሞ ጥቂት ዶላር ያስቀምጣል፤ አንድ መጽሔት በጠየቀ ቍጥር ከተቀማጩ ይቀነሳል። የምንተቸው አሠራሩን እንጂ አንዱን ሻጭ ስላልሆነ የድርጅቱን ስም አንጠራም።

እንዲህ ያለው ማውጫ ዛሬ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጽሔቶች ክፍል ኃላፊ የነበረችው ካሮላይን ኡልሪክ የዓለምን መጽሔቶች በየሙያቸው ለይታ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣች፤ ያ ማውጫ መልኩን ለውጦ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ዩጂን ጋርፊልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ሲጠቅስ ጥቅሱን እየመዘገቡ ዕውቀትን የመከታተልን ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1960 በፊላደልፊያ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1964 የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ጀመረ፤ በ1975 ደግሞ መጽሔቶችን በተጠቀሱበት ብዛት የሚያነጻጽረውን ዘገባ አወጣ። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው ቍጥር ከዚህ የመጣ ነው። በየጥያቄው ማስከፈልም ቢሆን የቈየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበው ዳያሎግ የተባለው የመረጃ አገልግሎት ጠያቂውን የሚያስከፍለው በስልክ መስመር ከማሽኑ ጋር ተገናኝቶ በቈየበት ጊዜ ልክ ነበር። በዚያን ዘመን ጥያቄውን አስቀድሞ በወረቀት አዘጋጅቶ፣ ፈጥኖ ጠይቆ የሚወጣ የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያስፈልግ ነበር፤ ደቂቃው ገንዘብ ነበርና።

ምስጋና የሚገባው ነገር

ትችት ማለት ነቀፌታ ብቻ አይደለምና በመጀመሪያ መልካሙን እንናገር።

በየጥያቄው መክፈል ከዓመት ክፍያ የሚሻልበት ጊዜ አለ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠይቅ ሰው የዓመቱን ሙሉ ዋጋ ክፈል ማለት በደል ነው። ከዚህም ሌላ መረጃን ማጣራት ድካም ያለበት ሥራ ነው። የመጽሔት አዘጋጆች ይለወጣሉ፤ አሳታሚዎች ይሸጣሉ፤ ስሞች ይቀየራሉ፤ ይህን ሁሉ ተከታትሎ የሚያርም ሰው ደመወዝ ያሻዋል። የጄፍሪ ቢል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የነበረ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አጭበርባሪ ናቸው የሚላቸውን አሳታሚዎች ለብቻው እየመዘገበ በነፃ ያሳይ ነበር። ብዙ ሰው ተጠቀመበት፤ ብዙ ሰውም ፍርዱ የአንድ ሰው ፍርድ ነው፣ መመዘኛውም በሚገባ አልተገለጠም ሲል ነቀፈው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩ ከኢንተርኔት ላይ ተነሣ፤ በእርሱ የተማመነው ሁሉ ያለ መሪ ቀረ። በዚያው ዓመት በሰኔ ካቤልስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የራሱን ዝርዝር አወጣ፤ ዳሩ ግን ያ ለከፈለ ብቻ የሚታይ ነበር። እንግዲህ በነፃ የሚሠራው ሰው ሲደክም ሥራው አብሮት እንደሚቆም፣ በዋጋ የሚሠራው ግን ሊቀጥል እንደሚችል አልካድንም።

ከጓደኞቻችንም አንዱ፣ ስሙን የማንጠቅሰው፣ ለማያውቀው የውጭ መጽሔት ጽሑፉን ሰጥቶ በቤተሰቡ ገንዘብ የማሳተሚያ ዋጋ ከከፈለ በኋላ፣ ከስድስት ወር በላይ ሳይቈይ መጽሔቱ ከነድረ ገጹ ጠፍቶበታል። የዓመት ድካሙን ዛሬ ማንም ሊያነበው አይችልም። አስቀድሞ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ቢጠይቅ ኖሮ ከዚህ ጥፋት ይድን ነበር። ስለዚህ የማጣራቱን ሥራ አስፈላጊነት ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

የመጀመሪያው ጕድለት፤ ዋጋው በጀማሪው ላይ ይከብዳል

የሆነ ሆኖ ይህ አሠራር የሚከብደው በማን ላይ ነው? ለረጅም ዘመን በምርምር የቈየ ሊቅ የሙያውን መጽሔቶች በልቡ ያውቃቸዋል፤ ስለዚህ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ስለ አንዱ ብቻ ነው። ጀማሪ ተማሪ ግን ምንም ስለማያውቅ ስለ ሁሉም መጠየቅ አለበት። ክፍያው በጥያቄ ብዛት ከሆነ፣ ብዙ የሚከፍለው ትንሽ የሚያውቀው ሰው ነው ማለት ነው። አላዋቂነት የሚቀጣበት ሥርዐት ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል ለአንድ ጥያቄ አንድ ዶላር ይከፈላል ብንል፣ ለአርባው ስማችን 40 ዶላር ያስፈልጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ይህ ከ4,000 ብር የሚበልጥ ነው። ለአንድ ተማሪ የብዙ ቀን ምግብ ነው። ብሩ ቢኖር እንኳ መክፈያው የለም፤ በብር ሒሳብ ላይ የሚሰጠው ተራ የባንክ ካርድ ከአገር ውጭ ላለ ሻጭ አይከፍልምና። እኛም የከፈልነው በውጭ አገር የሚኖሩ የአንዳችን አጎት በካርዳቸው ስለ ረዱን ነው። «ለመሆኑ የምትገዙት መጽሐፍ ነው?» ብለው ጠየቁን፤ መጽሐፍ ሳይሆን የመጽሔት ስም መጠየቂያ መሆኑን ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። አጎት የሌለው ተማሪ ምን ያደርጋል?

ነገሩን በሰፈራችን ምሳሌ ብንገልጸው ይቀላል። የአዲስ አበባ ከተማ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ በአቃቂ ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ይወጣል። ይሁን እንጂ በቤቱ ቧንቧ የሌለው ሰው ውሃውን በጀሪካን ከቦኖ ወይም ከሻጭ ይገዛል። ከሻጭ በጀሪካን የሚገዛ ሰው፣ ቤቱ ቆጣሪ ካለው ጎረቤቱ ይልቅ ለአንዱ ሊትር የበለጠ እንደሚከፍል የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ድኻው ውሃውን የሚገዛው በጥቂት በጥቂቱ ስለ ሆነ ይወደድበታል። በመረጃም ነገር እንዲሁ ነው። ባለጸጋው ዩኒቨርሲቲ የዓመቱን ዋጋ አንድ ጊዜ ከፍሎ ተማሪዎቹን ሺህ ጊዜ ያስጠይቃል፤ የሚሺሕኛው ጥያቄ ምንም አይጨምርበትም። እኛ ግን በጀሪካን እንቀዳለን።

ከዚህ የሚብሰው ግን የገንዘቡ ማለቅ አይደለም፤ የጠያቂነት ማለቅ ነው። ተቀማጩ እየቀነሰ ሲሄድ በራሳችን ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን እየጠየቅን ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከመጠየቃችን በፊት መማከር ጀመርን፤ ስማቸው ትልቅ የሚመስሉትን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተማ የተጠቀሰባቸውን ብቻ እየመረጥን ጠየቅን። ስማቸው ለጆሯችን ያልተለመደውን፣ ከአፍሪካም የሆኑትን «ለዚህስ ገንዘብ አናባክን» ብለን ተውናቸው። ማንም አልከለከለንም፤ ዋጋው ራሱ ምርጫችንን አጠበበው። ምርምር የሚጀምረው ካልታወቀው ነው፤ ዋጋው ግን የሚታወቀውን ብቻ እንድንጠይቅ አስተማረን።

በሚስዮን ትምህርት ቤታችን ሳለን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረን። በበሩ አጠገብ የካርድ መሳቢያዎች ነበሩ። ኃላፊዋ የነበሩት ወይዘሮ ስንደነግጥ እያዩ፣ «መሳቢያው አይቈጣም፤ መቶ ጊዜ ብትከፍቱት አይሰለችም» ይሉን ነበር። አንዱን ካርድ ፈልገን ሌላውን እናገኝ ነበር፤ ከፈለግነው ይልቅ ያልፈለግነው የጠቀመን ብዙ ጊዜ ነው። በየጥያቄው የሚያስከፍለው ማውጫ ይህን አጋጣሚ ያጠፋል።

ሁለተኛው ጕድለት፤ ዝምታው እንደ ፍርድ ይቈጠራል

ለማውጫው ካቀረብናቸው ስሞች መካከል የአገራችን መጽሔቶች ነበሩ። ስለ ጥቂቶቹ የሰጠን ስማቸውንና ቍጥራቸውን ብቻ ነው፤ በደረጃው ቦታ «የለም» ይላል። ስለ ሌሎቹ ጭራሽ «አልተገኘም» አለ፤ ቢሆንም ጥያቄው ተቈጥሮ ገንዘቡ ተቀነሰ። ባዶ እጅ ለመመለስም ከፈልን ማለት ነው።

በዚህ ላይ የፊደል ችግር አለ። ማውጫው የግእዝ ፊደል አይቀበልም። የአገራችንን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ሁላችንም አንድ ዐይነት አንጽፍም። «አቃቂ» የሚለውን ስም እንኳ አንዱ «ቃ»ን በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል፤ አንዱ ፊደል ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም። አንድ የአማርኛ ስም ያለውን መጽሔት በሦስት ዐይነት አጻጻፍ ሞከርነው፤ ሦስት ጊዜም ከፈልን። እንግሊዛዊው ተማሪ የአገሩን መጽሔት በአንድ ጥያቄ ሲያገኝ ኢትዮጵያዊው ሦስት ጊዜ መክፈሉ በሕግ የተጻፈ አድልዎ ባይሆንም፣ በሥራ ግን አድልዎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። «የለም» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? ማውጫው መጽሔቱን መርምሮ ጕድለት አገኘበት ማለት ነውን? አይደለም። አልመዘገብኩትም ማለት ብቻ ነው። የሚያነበው ሰው ግን «ዋጋ የለውም» ብሎ ይተረጕመዋል። እኛም እንዲሁ ተረጐምነው።

የደረጃውን ቍጥር አሠራር ያየ ሰው ይህ ትርጕም ስሕተት መሆኑን ይረዳል። ኢምፓክት ፋክተር የሚገኘው፣ መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት የተጠቀሱበትን ብዛት ለጽሑፎቹ ብዛት በማካፈል ነው። በሁለት ዓመት 20 ጽሑፍ አውጥቶ 10 ጊዜ የተጠቀሰ መጽሔት 0.5 ያገኛል። ዳሩ ግን የሚቈጠረው ጥቅስ በዚያው መዝገብ ውስጥ ከገቡት ምንጮች የመጣው ብቻ ነው። የአቃቂ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ጽሑፉን አንብቦ እናቶችን ቢያስተምርበት አይቈጠርም፤ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ቢጠቅሰው፣ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ቢደገፍበት አይቈጠርም። ጋርፊልድም ይህን መመዘኛ መጀመሪያ ያወጣው ለማውጫው የሚገቡትን መጽሔቶች ለመምረጥ ነበር። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መምረጫ የተሠራው መስፈሪያ፣ ዛሬ የሰውንና የአገርን ዕውቀት መመዘኛ ሆኗል።

እስቲ የራሳችንን ታሪክ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1953 የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ቡለቲን መውጣት ጀመረ። በዚያ ቡለቲን የጻፉት በብዛት እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስለ ሠርግ፣ ስለ ልቅሶ፣ ስለ እርሻ ልማድ በየተወለዱበት አገር ያዩትንና ከሽማግሌ የሰሙትን ጻፉ። ደረጃ የሚሰጠው ዘገባ ከመጀመሩ ከ20 ዓመት በፊት ነውና ኢምፓክት ፋክተር ሊኖረው አይችልም። ይሁን እንጂ ዛሬም ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ባህል የሚጽፉ የውጭና የአገር ውስጥ ሊቃውንት ይጠቅሱታል። እ.ኤ.አ. በ1962 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት፣ በ1978 «ሲኔት» የተባለው የሳይንስ መጽሔት፣ በ1984 የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ተከታትለው ወጡ። ስለ አገራችን አፈር፣ ውሃ፣ በሽታና ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ከእነዚህ ሊጀምር ይገባዋል እንጂ ከሩቅ ሊጀምር አይገባውም።

በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በማውጫው ተስፋ ቈርጠን ሳለን፣ የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለ ምን እንደምንጽፍ ጠየቁንና አንድ የቈየ የታሰረ ቅጽ ከመደርደሪያ አውጥተው ሰጡን። የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ቅጽ 16 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ። በውስጡ በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላለው የብረታ ብረት ይዘትና በጤና ላይ ስላለው አሳብ የተጻፈ ጥናት አለ። እኛ ከመወለዳችን በፊት የታተመ፣ የእኒያን እናት ጥያቄ የነካ ጽሑፍ! ያው መጽሔት በኢንተርኔትም ያለ ዋጋ ይነበባል። ይህን መጽሔት ከስሞቻችን ዝርዝር ውስጥ በእርሳስ ሰርዘነው ነበር፤ በደረጃው ቦታ «የለም» ስለሚል።

ሦስተኛው ጕድለት፤ የሚሸጠው በአብዛኛው በነፃ የሚገኝ ነው

ከዚህ በኋላ ከማውጫው የገዛነው መረጃ በነፃ ይገኝ እንደ ሆነ መረመርን። ያገኘነውን ለአንባቢዎች ጥቅም እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ መጽሔት የሚታወቅበት ስምንት አኀዝ ያለው ዓለም አቀፍ ቍጥር አለው፤ አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ይባላል። የቍጥሩን ትክክለኛነት ማንም ሰው በእርሳስ ሊያጣራው ይችላል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ቍጥር 0304-2243 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰባት አኀዞች በተራ በ8፣ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 እናባዛና እንደምራቸው፤ ድምሩ 63 ይሆናል። 63 ለ11 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው፤ 8 ከ11 ሲቀነስ 3 ይቀራል፤ የመጨረሻውም አኀዝ 3 ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ትክክል ነው። የዚህ ቍጥር ዓለም አቀፍ መዝገብም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና ዋና መረጃውን በነፃ ያሳያል። እርግጥ ትክክለኛ ቍጥር የመጽሔቱን ደግነት አያረጋግጥም፤ ሌባም የሰው ቍጥር ሊለጥፍ ይችላል። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ያለው ስምና አገር ከድረ ገጹ ጋር ካልተስማማ ሌብነቱ ይገለጣል።

ሁለተኛ፣ በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው በነፃ የሚነበቡ መጽሔቶች ማውጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 መመዘኛውን አጥብቆ 3,300 ያህል መጽሔቶችን ከዝርዝሩ ማውጣቱ፣ ነፃ የሆነ ሁሉ ልቅ እንዳልሆነ ያሳያል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የአፍሪካ መጽሔቶች መድረክ የብዙ ኢትዮጵያውያን መጽሔቶችን ይዘት ያሳያል፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህም የአሠራራቸውን ደረጃ በኮከብ እየመዘነ ይገልጻል። አራተኛ፣ ደረጃን ለሚሻ ሰው ስኪማጎ የተባለው መዝገብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ያለ ዋጋ ይታያል። አምስተኛ፣ የትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ መጽሔቶችን መዝኖ ዕውቅና ይሰጣል።

በመጨረሻም፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም የጤና ድርጅት የተጀመረው ሂናሪና ተከታዮቹ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት ብዙ የውጭ መጽሔቶችን በነፃ ያስነብባሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ይህ ግን የሚሠራው በተቋም ስለ ሆነ፣ የይለፍ ቃሉን ያልሰማ ተማሪ እንደሌለ ይቈጥረዋል። እኛም አልሰማንም ነበር።

ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

«ይህን ሁሉ ከየቦታው ከመልቀም አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚሰጥ ድርጅት ቢከፈለው ምን ክፋት አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልሳችን አይከፈል የሚል አይደለም፤ የሚከፍለው ተማሪው አይሁን፣ ክፍያውም በጥያቄ ብዛት አይሁን የሚል ነው። የውሃ ጕድጓድ ማስቈፈሪያውን እያንዳንዱ ጠጪ በየኩባያው አይከፍልም፤ ከተማው በአንድነት ያስቈፍራል።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ማውጫ የሚያስፈልግ ከሆነ ኮሌጆች በኅብረት፣ በኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት አማካይነት ጭምር፣ አንድ ጊዜ ከፍለው ለተማሪ ሁሉ ይክፈቱት። ሁለተኛ፣ ሻጮቹ «አልተገኘም» ለሚል መልስ ዋጋ አይውሰዱ፤ «የለም» በሚሉበትም ቦታ «አልመረመርነውም» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ሦስተኛ፣ የአገራችን መጽሔቶች አዘጋጆች ስማቸውን በግእዝ ፊደልና በአንድ በተወሰነ የላቲን አጻጻፍ፣ ቍጥራቸውን፣ የመራጮቻቸውን ስምና የማሳተሚያ ዋጋቸውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ በዝምታ የሚቀመጥ መጽሔት ለሚያስቀረው ማውጫ ሰበብ ይሆነዋልና። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ክፍት የምርምር ፖሊሲ ጽሑፎች ለሁሉ እንዲነበቡ አዟል፤ የሚነበበው ግን መኖሩ የታወቀ ጽሑፍ ነው። አራተኛ፣ በየኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ተማሪዎች ያጣሩትን መጽሔት ከነቀኑና ከነማስረጃው የሚጽፉበት መዝገብ ይኑር፤ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ዳግመኛ እንዳይጠይቅ።

ይህን አራተኛውን እኛው ጀምረነዋል። አርባው ስሞች ያሉበት ደብተር በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከአርባው ሰባቱን አጠራጣሪ ብለን ምክንያቱን ጽፈናል፤ በእርሳስ ሰርዘናቸው የነበሩትን የአገራችንን መጽሔቶችም መልሰን በቀለም ጽፈናቸዋል።

ወደ እኒያ እናትም ተመለስን። ሙሉ መልስ አልነበረንም። ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ብረታ ብረትን ከአፈርና ከውሃ እኩል እንደማይሰበስብ፣ ማጠብ አቧራውንና ጀርሙን ቢቀንስም በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት እንደማያወጣ፣ የእርሳቸውን ማሳ ለይቶ ለመናገር ግን በላቦራቶሪ መመርመር እንደሚያስፈልግ ነገርናቸው። በጥሞና ሰሙንና፣ «ይህን የጻፉት ሰዎች መቼ ነው የጻፉት?» አሉ። ከ20 ዓመት በላይ እንደ ሆነው ነገርናቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉን።

መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እኛም ለመፈለግ ገንዘብ ከፍለን ሳናገኘው ቀርተን ነበር። የማሳቸውን አፈርና ጎመን ናሙና ይዘን ሄደናል፤ የምርመራው ውጤት ሲደርሰን በዚህ ቡለቲን እናቀርባለን። እስከዚያው ድረስ፣ በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ እንዲያርመን፣ ያላወቅነውን መጽሔት የሚያውቅም ደብተራችን ላይ እንዲጽፍልን በትሕትና እንለምናለን።